ጠጠር የጠጣ ጉድጓድ

ስማዳ ውስጥ፣ መሬቱ ወደ በሽሎ ወንዝ ቁልቁል ከመውረዱ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ሜዳ የሚሆንበት ግራር አምባ የሚባል ቀበሌ አለ። እዚያ ዋሴ አጎናፍርን በስሙ የሚጠራው ቄሱና የቀበሌው ሊቀ መንበር ብቻ ናቸው። ሌላው ሰው «ጠርጥር» ይለዋል፤ ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ከሚለው ተረት ተቆርጦ የተለጠፈበት ስም ነው። ዋሴ በስሙ አይቆጣም። «ስንጥሩ የወጋው የማንን ምላስ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ» ይላል።

እውነቱን ነው። ሰው ጠርጣሪ ሆኖ አይወለድም፤ ያደርጉታል። መሬት በተደለደለ ጊዜ የለኪዎቹን የቆዳ ጠፍር ልብ ብሎ ያየው እሱ ነበር። የዘመድ መሬት ሲለካ ጠፍሩ ከምንጭ ወጥቶ እንደራሰ፣ እንደተለጠጠ ነው። የዋሴ ተራ ሲደርስ ፀሐይ ላይ ሰንብቶ እንደ ቋንጣ ተኮማትሯል። ለሁሉም እኩል ጠፍር ተሰጠ፤ እኩልነቱ ግን ቆዳው ውስጥ አልቆ ነበር። ሲናገር «ቅናተኛ» ተባለ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ የእጅ ፓምፕ መጣ። ሰሌዳ ተተከለ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ እንግዶቹ በግ በልተው ሄዱ፤ ፓምፑ ግን ፍልሰታን ሳይሻገር ደረቀ። ሰሌዳው ዛሬም አለ፤ ከብት ይታከክበታል።

በዚያ ሁሉ ዘመን የዋሴ ሚስት አመተ ማርያም ውኃ የምታመጣው ከገደሉ ሥር ካለው ምንጭ ነው። አህያ የማይወርደው ገደል ነው። መውረዱ ጉልበት ይበላል፣ መውጣቱ ልብ። ካቻምና በዓቢይ ጾም ጀሪካኗን አዝላ ስትወጣ እግሯ ከዳት፤ በዳሌዋ ድንጋይ ላይ ወደቀች። ወጌሻው አሸ፣ ጎተተ፣ አሰረ፤ ቀኝ እግሯ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ዋሴ በዚያ ሰሞን ከመደቧ ሥር ተቀምጦ፣

«እኔ በሕይወት እያለሁ ከእንግዲህ ገደል አትወርጂም» አላት።

«ውኃውን ማን ያመጣዋል? ጥርጣሬህ?» አለችው።

ከዚያ ወዲያ የጎረቤት ልጆች እየቀዱ ሰጧት። በሰው ጀርባ የመጣ ውኃ እንደ ልብ አይጠጣም። አመተ ማርያም እንግዳ ሲመጣ ውኃ ከማቅረብ ይልቅ ጠላ ማቅረብ ይቀላት ጀመር፤ ጠላው ቢያንስ የራሷ ነው።

የውኃ ጉድጓድ መቆፈሪያ ማሽን በጥር መጣ፤ ውድማው ተጠርጎ፣ ገብሱ ጎተራ ገብቶ። የመሬት መርማሪዎች ቀደም ብለው ሽቦ ዘርግተው ነበርና ምልክታቸው ያረፈው በዋሴ ጓሮ፣ በዚያችው በደረቅ ጠፍር በተለካች ማሳ ላይ ነው። ዋሴ አልተከራከረም፤ ሰጠ። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«የጓሮዬ ካብ ላይ ተቀምጬ የምትሠሩትን ሁሉ አያለሁ።»

የቆፋሪዎቹ አለቃ ኢንጂነር ጌታነህ ሳቀ። ፀሐይ ያከሰለው፣ እንቅልፍ ጠግቦ የማያውቅ የሚመስል ጎልማሳ ነው። «ይዩ አባቴ። ማየት አይከለከልም» አለ።

ማየት ተፈቀደ፤ መልስ ማግኘት ግን አልተፈቀደም። የዚህ ሁሉ ነገር ሥሩ ይኸው ነው። በሰው ጓሮ ማሽን ተክሎ፣ የሰው ምድር በስቶ፣ ለባለ ጓሮው ምን እንደሚሠራ አንዲት ቃል ያልተነፈሰ አዋቂ፣ የኋላ ኋላ «ሕዝቡ አልገባው አለ» ሲል ምላሱ ሊከብደው ይገባል። አይከብደውም እንጂ።

ዋሴ ካቡ ላይ ዋለ። አጠገቡ ጎረቤቱ አስማረ ነበር። አስማረ ስልክ አለው፣ በስልኩ ውስጥ ዓለም አለ፣ በዚያ ዓለም ውስጥ ደግሞ አስማረ የማያውቀው ነገር የለም።

መጀመሪያ ማሽኑ ጥቁሩን ድንጋይ ፈጨ። ከጉድጓዱ የሚወጣውን ፍርፋሪ ጌታነህ ትንሽ ትንሽ እያነሣ በላስቲክ ይቋጥራል፣ በላዩ ይጽፍበታል፣ ሳጥን ውስጥ ይደረድረዋል፣ ሳጥኑን መኪናው ውስጥ ይቆልፍበታል።

«አየህ?» አለ አስማረ። «ተራ ድንጋይ ቢሆን ይቆልፍበት ነበር?»

«ምን ይሆናል ታዲያ?»

«አያ ዋሴ፣ አንተ ጎተራህን ለምን ትቆልፋለህ? ውስጡ ጭድ ስላለ ነው?»

ጌታነህ ያን ፍርፋሪ የሚቋጥረው የቱ ጋ ድንጋዩ እንደሚለወጥ፣ የቱ ጋ ስንጥቅ እንዳለ ለማወቅ ነበር። ይህን ለመናገር የሚፈጀው ትንፋሽ አንድ ሲጋራ ለማጨስ ከሚፈጀው ያንሳል። ጌታነህ ሲጋራውን አጨሰ።

ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር ቀይ አፈር ተገኘ፤ በሁለት የድንጋይ ንጣፍ መካከል የተኛ ልል አፈር። ጉድጓዱ እየተናደ አስቸገራቸው። በዚያን ጊዜ ነጣ ያሉ ከረጢቶች ከመኪናው ወረዱ። ዱቄቱን ከውኃ ጋር ሲበጠብጡት እንደ ተነከረ አብሽ የሚሟለግ ጭቃ ሆነ፤ ያንን ጉድጓዱ ውስጥ ለቀቁት። ግድግዳውን ይዞ እንዲያቆም ነው፤ ቤት ሲመረግ እንደሚሆነው። ይህን ዛሬ ዋሴ ያውቃል። ያኔ ግን ያየው፣ ውኃ ልናወጣ መጣን ያሉ ሰዎች ጉድጓድ ሲመርጉ ነው።

ከጭቃው ኩሬ ላይ ደግሞ ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት ተንሳፈፈ። አስማረ ጣቱን ነከረ፣ አሸተተ፣ ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ነዳጅ።»

የመቆፈሪያ ዘንጎቹ ጥርስ እንዳይነክስ የሚቀባ ግራሶ ነበር። ግን ማን ተናገረ? ቃሉ በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ደረሰ፣ ቅዳሜ ገበያ ወጣ፣ ሲመለስ አድጎና ወፍሮ ተመለሰ፤ አንድ ሰው እንዲያውም ዓረብ አገር ሳለ ያየው ነዳጅ ሽታው ልክ እንዲህ እንደነበር ማለ።

ከዚያ ቧንቧዎቹ መጡ፤ ሲታዩ ጎናቸው ከላይ እስከ ታች በመጋዝ የተተለተለ። «የተቀደደ ቧንቧ ለእኛ» አሉ ሴቶቹ። ውኃው በዚያ ቅዳድ እንደሚገባ የነገራቸው የለም። በመጨረሻ የመጣው ግን የባሰ ነበር። አንድ መኪና ጠጠር ተራገፈ፤ ቆፋሪዎቹ በአካፋ እያነሡ በቧንቧው ዙሪያ ወደ ጉድጓዱ አፈሰሱት። ጉድጓዱ ጠጠሩን ጠጣ፣ ጠጣ፣ አልጠግብ አለ።

«አሁንስ ምን ቀረህ?» አለ አስማረ። «ውኃ የሚፈልግ ሰው ጉድጓዱን ጠጠር ያጎርሰዋል? አግኝተውታል አያ ዋሴ። ደፍነው ምልክት አድርገው ይሄዳሉ፤ እኛ ስናልቅ መጥተው ያወጡታል።»

ዋሴ ከካቡ ወረደ። ነጠላውን አስተካክሎ ጌታነህ ዘንድ ሄደ።

«ኢንጂነር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጠጠሩ ለምንድን ነው?»

«ለማጣሪያ።»

«ምኑን ነው የሚያጣራው?»

«አባቴ፣ ይሄ ቴክኒካል ነው። ብነግርዎም አይገባዎትም።»

ዋሴ ወደ ካቡ ተመለሰ። በጠፍር የለኩትም ልክ እንዲህ ነበር ያሉት፤ የቅየሳ ነገር አይገባህም።

በማግስቱ ኮምፕረሰሩ ተነሣ። የኮምፕረሰሩ ሰው ጀሚል ይባላል፤ የንፋስ መውጫ ልጅ ነው፣ ከቆፋሪዎቹ መካከል ዋሴን «እንዴት አደሩ» የሚለው እሱ ብቻ። ነፋሱ እስከ ጉድጓዱ ሆድ ተነፋ፤ ምድሩ አጉረመረመ፤ ከዚያ ውኃው ከሰው ቁመት በላይ ተተፋ። ሴቶቹ እልል አሉ። መጀመሪያ እንደ አተላ ወፍራም ነበር፣ ከዚያ ቀይ፣ ከዚያ ግራጫ። በዋሴ ማሳ መሐል ቦይ ቀድዶ ወደ ገደሉ ወረደ።

እልልታው ቶሎ ቆመ። በግራር አምባ ውኃ እንዲህ አይፈስም። ፊት የታጠቡበት እግር ይታጠቡበታል፣ እግር የታጠቡበት ለጓሮ ጎመን ይደፋል። ሰዎቹ ጀሪካን ይዘው ሲጠጉ ቆፋሪዎቹ «አይጠጣም፣ ዞር በሉ» አሏቸው። ረፋዱን ፈሰሰ፣ ቀትር ሆነ፣ ይፈሳል።

«ምልክቱን እያጠቡ ነው» አለ አስማረ በጆሮው። «ነዳጁን በውኃ ስም ወደ ገደል።»

ዋሴ ግን በዚያች ሰዓት ስለ ነዳጅ አላሰበም። ያየው አመተ ማርያምን ነው። ከበራቸው ላይ በምርኩዟ ቆማለች፤ ዳሌዋን የሰበረው ውኃ ወደዚያው ወደ ገደሉ ሲመለስ ታያለች። ዋሴ ተነሣና ዱላውን መሬት ላይ ተከለ።

«በሕግ አምላክ» አለ። «ውኃውን አቁሙ።»

በዚያ አገር በሕግ አምላክ የተባለ ሰው እግሩን አያነሣም። ሌባም ቢሆን፣ ጎራዴ የመዘዘም ቢሆን ባለበት ይቆማል፤ ነገሩ በሽማግሌ እስኪታይ ድረስ የቆመው እንደቆመ ነው። ቃሉን ረግጦ ያለፈ ሰው ከዚያ በኋላ ዳኛ ፊት ቢቀርብ የሚሰማው የለም።

ጀሚል ወደ አለቃው ዞረ። «ገና ነው፤ አልጠራም።»

ጌታነህ ሰዓቱን አየ። ሕዝቡን አየ። ከንፈሩ ላይ አንዲት ነገር ሽው አለች፤ ፈገግታ ትሁን የፀሐይ መጨማደድ፣ ዋሴ ያኔ አላስተዋለም።

«አጥፋው» አለ ጌታነህ። «ሕዝቡ በሕግ አምላክ ብሏል። እኛ ሕግ አክባሪ ነን።»

ኮምፕረሰሩ ጠፋ። ሽማግሌ አልተቀመጠም፣ ነገር አልተጠየቀም። ከሰዓት በኋላ ዕቃቸውን ጫኑ፤ ሲነጋ በማሳው ላይ የቀረው የጎማ ዱካ ነበር። ሰዉ የዋሴን ትከሻ እየመታ አመሰገነው። ጠርጥር የሚለው ስም በዚያ ሳምንት እንደ ማዕረግ ተጠራ።

በየካቲት ሌሎች ሰዎች መጥተው በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ አስገቡ፣ ከዋሴ አጥር ሥር ቦኖ ተከሉ። ሪባን ተቆረጠ። በጉ ዘንድሮም አልዳነም። አመተ ማርያም የመጀመሪያውን ጀሪካን ከደጇ ቀዳች፤ በዚያው ዕለት ለጎረቤት ልጆች ዳቦ ጋግራ፣ «የውኃችሁን ውለታ ልመልስላችሁ» ብላ ሰጠቻቸው። ውኃው ክንድ ያህል ይወርድ ነበር።

ለፋሲካ ጣት ያህል ሆነ። በሚያዝያ መጨረሻ ክር ሆነ። ግንቦት ሲገባ ቦኖው ያስላል፣ ጥቂት ግራጫ ይተፋል፣ ይተኛል። «አልነገርኋችሁም?» አለ አስማረ። አንዱ ቆፋሪዎቹን ጠረጠረ፣ ሌላው የታችኛው ጎጥ ሰዎች በመተት ውኃውን ወደ ራሳቸው ስበውታል አለ፣ ሌላው ቦኖው ከዋሴ አጥር ሥር ስለሆነ ዋሴ ሌሊት ሌሊት ማሳውን ያጠጣል ብሎ አማ። የዋሴ ማሳ እንደ ድስት ቂጥ ደርቆ እያዩት።

አንድ ቀን ጠዋት ዋሴ ከበሬዎቹ ዘንድ ሲመለስ አመተ ማርያምን ከበር አገኛት። ጀሪካኗን አዝላ፣ የማዘያ ገመዱን ደረቷ ላይ ቋጥራዋለች። ምርኩዟ በእጇ ነው።

«ወዴት ነው?»

«ወዴት ይሆናል?»

«አልወርድም ብለሽ፣ እኔም አትወርጂም ብዬሽ—»

«አንተ ብለሃል። እኔ ውኃ ነው የምፈልገው፣ ቃል አልጠጣም።»

እየጎተተች ወረደች። ዋሴ ካቡ ላይ ቆሞ፣ ነጠላዋ በገደሉ ጠርዝ እስኪሰወር አየ። የዚያኑ ዕለት አንድ በግ ሸጦ መኪና ተሳፈረ፤ ነዳጅ ያገኙትን፣ ጉድጓድ የደፈኑትን ሰዎች አገር ላገር አሳድዶ ሊከስ።

ንፋስ መውጫ ላይ ሦስት ቢሮ ገባ። አንደኛው ወደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፣ ሦስተኛው ወደ መጀመሪያው ላከው። ሲወጣ መንገድ ዳር ካለ ጋራዥ ውስጥ እጁ እስከ ክርኑ በግራሶ የጠቆረ ሰው አየ። ጀሚል ነው፤ የኮምፕረሰሩን ጎማ ቧንቧ ሊያስጠግን መጥቶ።

«አያ ዋሴ፣ እንዴት ነው? ውኃው ደኅና?»

«ደፍናችሁት ትጠይቀኛለህ?»

ጀሚል እጁን በጨርቅ ጠረገ። ሻይ አዘዘለት። ዋሴ ሻዩን አልነካውም፤ ስለ ነዳጁ፣ ስለ ጠጠሩ፣ ስለ ተቀደደው ቧንቧ አንድ ባንድ ዘረገፈለት። ጀሚል እስኪጨርስ ሰማው። ግራሶ የተቀባውን ጣቱን ሻዩ አጠገብ ያለ የውኃ ብርጭቆ ውስጥ ነከረ፤ ቀስተ ደመናው ወጣ።

«ይኸውልዎ ነዳጅዎ።»

ዋሴ ብርጭቆውን አንሥቶ አሸተተ።

«አዲስ ድስት ሳይሟሽ ወጥ ይሠራበታል?» አለ ጀሚል።

«አይሠራበትም።»

«ያ የሚሟለገው ጭቃ ቀዩ አፈር እንዳይናድ ያስገባነው ነው። ግን የድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥም ይገባል፤ ውኃው የሚመጣው ደግሞ በዚያው ስንጥቅ ነው። ወዲያው በነፋስ ታጥቦ ካልወጣ እዚያው ይረጋል፣ ቀስ በቀስም ይዘጋዋል። ያን ቀን ሲፈስ ያዩት ውኃ ማሟሻው ነበር። እስኪጠራ መፍሰስ ነበረበት፤ ያን ቀንም፣ ምናልባት ማግስቱንም።»

ዋሴ ሻዩን ወደ ራሱ ሳበ፣ መልሶ ገፋው። «እንግዲያ የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

«እርስዎ አቁሙ አሉ» አለ ጀሚል። ድምፁን ቀነሰ። «ሌላ ቦታም ሰው ይጮህብናል አያ ዋሴ። አለቃዬ ሽማግሌ ያስለምናል፣ ሚሊሻ ያስጠራል እንጂ ጉድጓድ ሳይጠራ አይነሣም። ያን ቀን ግን እስቴ ላይ የሚጠብቀው ሥራ ነበር፤ ቀኑ አልፎበታል፣ ስልኩ አላስቀምጥ ብሎታል። እርስዎ በሕግ አምላክ ሲሉ ከዚያ ሁሉ ሰው እንደ እሱ ደስ ያለው አልነበረም።»

ያቺ ሽው ያለች ነገር አሁን መጣችለት። ድንጋዩን ጠርጥሮ ነበር፣ ዱቄቱን፣ ቅባቱን፣ ቧንቧውን፣ ጠጠሩን። ከነዚህ ሁሉ በአንዱም ስንጥር አልነበረበትም። አንድ የተማረ ሰው፣ ለአንድ ገበሬ ዱላ፣ ያለ ክርክር እሺ ማለቱን ግን አልጠረጠረም። ዕድሜውን ሙሉ ያልገጠመው ነገር በጓሮው ሲገጥመው ክብር መሰለው።

«አሁን የት ነው ያለው?»

«አሁንም እስቴ ነው፤ መካነ ኢየሱስን አለፍ ብሎ።»

ዋሴ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። መካነ ኢየሱስ አደረ፤ ረፋድ ላይ ማሽኑን በጩኸቱ አገኘው። እዚያም ካብ ነበር፤ ሄዶ ተቀመጠበት። የሰፈሩ ሰዎች ከየት ነህ ቢሉት ነገራቸው፤ ስለ ጠፍሩ ሳይሆን ስለ ጉድጓዱ፣ ምንም ሳያስቀር፣ ዱላውን የት እንደተከለ ጭምር። ጌታነህ ከመኪናው ወርዶ ሲያየው ቆም አለ።

«እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«አያለሁ። ማየት አይከለከልም ብለውኛል።»

ጌታነህ ጀርባውን ሰጠው። ማሽኑ ሠራ፣ ቧንቧው ገባ፣ ጠጠሩ ፈሰሰ። ለእስቴዎቹ ስለ ጠጠሩ፣ ከጀሚል እንደሰማው፣ የነገራቸው ዋሴ ነው፤ «ጭቃውን ያዝ አድርጎ ውኃውን ይለቃል፣ እንደ ጠላ ማጥለያ» ብሎ። ኮምፕረሰሩ ተጠግኖ ደርሶ ማጠብ ሲጀመር ግን እዚያም ያው ነው፤ አንድ ሽማግሌ ውኃው በከንቱ ሲወርድ አንጀታቸው አልችል አለና ዱላቸውን አነሡ። ዋሴ እጃቸውን ያዘ።

«አይበሉት አባቴ። ይፍሰስ። እስኪጠራ ካቡ ላይ ሆነን እንጠብቀው፤ ሳይጠራ ልሂድ ካለ ያኔ ይበሉት።»

ሽማግሌው ዱላቸውን አወረዱ፤ ዓይናቸውን ግን ጌታነህ ላይ አሳረፉ። ሌሎቹም። ጌታነህ ወደ ዋሴ መጣ።

«ጉድጓድዎ ከደረቀ ያስቆሙት እርስዎ ነዎት። ምስክር አለኝ።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ ዋሴ። «ምስክር አያስፈልግህም። አንተስ ለምን ቆምህ?»

አንቱታው ሲወድቅ ጌታነህ ሰማው። «በሕግ አምላክ አሉ—»

«ለሕግ የቆመ ሰው ሽማግሌ ይጠብቃል። አንተ መኪና ጫንህ።»

ጌታነህ ዙሪያውን አየ። ካቡ ሞልቷል። ሲጋራ አወጣ፣ አልለኮሰውም።

«ይሄን ስጨርስ ኮምፕረሰሩን ከጀሚል ጋር እልካለሁ» አለ በመጨረሻ። «ግን እወቁት፤ ወራት አልፎታል፣ የረጋው ላይለቅ ይችላል። ድንጋያችሁም ራሱ ስስታም ነው፤ ስንጥቁ ጥቂት ነው።»

«ይህን ያኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«አልጠየቁኝም።»

«ጠይቄሃለሁ። ቴክኒካል ነው አልኸኝ።»

ግራር አምባ ኮምፕረሰሩ ሲገባ ዋሴ ከጀሚል አጠገብ ጋቢና ውስጥ ነበር። ይህ አልበጀውም። ከመኪና የወረደ ሰው የበላ ሰው ነው። «ጠርጥርም ጎረሰ» ተባለ። አስማረ በሩን ያዘለት።

«አያ ዋሴ፣ ስንት በርሜል ደረሰህ?»

«አንድ ጀሪካን ከደረሰኝ ላንተ ግማሹን።»

ማንም አልሳቀም። ዋሴ ሊያስረዳቸው ሞከረ፤ ስለ ጭቃው፣ ስለ ስንጥቁ፣ ስለ ማሟሸቱ። ሴቶቹ ማሟሸት ሲል ራሳቸውን ነቀነቁ። ወንዶቹ ግን ፊቱን ተመለከቱ እንጂ ቃሉን አልሰሙም፤ እንዲህ መመልከት ያስተማራቸው እሱ ራሱ ነው።

ፓምፑ ወጣ፣ የነፋሱ ቧንቧ ገባ፣ ጀሚል አስነሣው። ጉድጓዱ ለረጅም ጊዜ ማጉረምረም ብቻ ሆነ። ከዚያ ተፋ፤ ወፍራም፣ ግራጫ፣ የሚሟለግ። ገደል ወርደው የሚቀዱ ሴቶች እያዩ፣ በዚያችው በደረቀች ማሳ፣ በዚያው ቦይ። ጀሚል ኮምፕረሰሩን ትቶ ውኃውን በመዳፉ ሊያይ ወደ ቦዩ ወረደ። አስማረ ከሰዉ መካከል ወጣ፤ ዱላውን ተከለ።

«በሕግ አምላክ። ውኃውን አቁሙ።»

ሁሉም ቆመ። ዋሴም ቆመ። ቃሉን ረግጦ ቢያልፍ ከእንግዲህ በዚያ አገር የሚቆምለት የለም፤ ካላለፈ ጉድጓዱ ዳግመኛ ይረጋል፣ ጌታነህም ሁለተኛ አይልክም። ጀሚል ከቦዩ ወደ ዋሴ አየ። ወደ ኮምፕረሰሩ አንድ እግሩን አነሣ።

«አንተ ልጅ፣ እግርህን መልስ።»

አመተ ማርያም ናት። በምርኩዟ እየጎተተች መጥታ ከኮምፕረሰሩ ፊት ቆማለች።

«በሕግ አምላክ ተብለሃል። ወዴት ትሄዳለህ?»

«ላጠፋው ነው እማማ።»

«በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ይራመዳል? ቁም ከቆምህበት። አስማረ፣ አንተም እንዳትነቃነቅ፤ ቃሉ ላንተም ነው። ሽማግሌ ይጠራ። ለመጥራት ደግሞ ማን እንደሚሄድ አላውቅም፤ ሁላችንም ቆመናል።»

ከኋላ አንዲት ሴት በሳቅ ፍርፍር አለች። ሌላዋ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። አስማረ ዱላውን እንደተከለ ቀረ። ኮምፕረሰሩ ግን ሕግ አያውቅምና ይሠራል፤ ጉድጓዱም ይተፋል።

«እትዬ አመተ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም» አለ አስማረ።

«ዳሌዬም ቀልድ አይደለም» አለች። «ቁም።»

እንዲህ ሆነው ቆሙ፤ አንዳንዱ እየሳቀ፣ አንዳንዱ እየተቆጣ፣ ሁሉም ዓይኑን ውኃው ላይ አድርጎ። ግራጫው ቀላ። ቀዩ እንደ ጠላ ቀጠነ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጀሚል፣ እግሩን ሳያነሣ ጎንበስ ብሎ፣ በመዳፉ ጨለፈና ወደ ላይ አነሣው። መዳፉ ውስጥ የእጁ መስመር ታየ። ያኔ አስማረ ዱላውን ነቀለ። «እኔ አንስቻለሁ» አለ፤ ወደ ቦዩ ሄዶ ውኃውን አሸተተ፤ ማንንም ሳያይ ወደ ቤቱ ገባ።

ዛሬ ቦኖው ጠዋት ይወርዳል፤ ሁለት ጣት ያህል። ወደ ቀትር ይደክመዋል፣ ያርፋል፣ በማግስቱ ይመለሳል። ሰዉ በተራ ይቀዳል፤ ተራ ያልደረሰው ገደል ይወርዳል። ከጎደለው ውስጥ የስስታሙ ድንጋይ ድርሻ የቱ ነው፣ የረጋው ጭቃ የቱ፣ የጌታነህ ጥድፊያ የቱ፣ የዋሴ ዱላ የቱ? ለይቶ የሚነግር የለም፤ ጌታነህ እንኳን አያውቀውም። አስማረ ግማሹ ነዳጅ ነው ይላል።

ኮምፕረሰሩ የሄደ ዕለት ማምሻ ላይ አመተ ማርያም ከደጇ ቀድታ ገባች። ጀሪካኑን አስቀመጠች፤ የማዘያ ገመዱን ከደረቷ ፈታች። ዋሴ ከመደቡ ሆኖ ያያል። ምድጃ ውስጥ ትጨምረዋለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ገመዱን በክንዷ ጠቅልላ፣ ከበሩ ኋላ፣ እጅ በሚደርስበት ችካል ላይ ሰቀለችው።

ዋሴ ችካሉን አየ፣ እሷን አየ።